ንግሥት የሠራችው ምድጃ

ባጫ በጉለሌ የታወቀ የምድጃ ጠጋኝ ነበር። ከእንጦጦ የሚወርደው የክረምት ብርድ አጥንት ድረስ የሚገባ ነውና፣ ምድጃ ያላቸው ቤቶች ሁሉ ግንቦት ሲገባ እሱን ያስጠራሉ። የጭስ ማውጫውን ጥላሸት ይጠርጋል፣ የላላውን በር ያጠብቃል፣ የተሰነጠቀውን በጭቃ ይመርጋል። ሚስቱ ንግሥት ደግሞ ጓሯቸው ባለችው ጠባብ መሥሪያ ጎጆ ላሜራ እየቆረጠች የጭስ ቱቦ ትጠቀልልለት ነበር። ይህን ግን ከቅርብ ጎረቤት በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

በጃንሆይ ዘመን በአንዱ ዓመት፣ ልክ ሥራ በሚበዛበት ወር፣ ባጫ ከሰው ጣሪያ ላይ ወድቆ እግሩ ተሰበረ። ወጌሻው በቀርከሃ ጠፍሮ አሰረውና፣ «ዘንድሮ መሰላል የሚባል ነገር እርሳው» አለው።

በማግስቱ ንግሥት የባሏን ሱሪ ከቀሚሷ ሥር አጥልቃ፣ መሰላሉን ተሸከመች።

«ወዴት ነው?» አለ ባጫ ከመደቡ ላይ።

«ወይዘሮ የሺጥላ ቤት። ቀጥረውህ የለ?»

«ኧረ ሰው ምን ይላል?»

«ያለውን ይበል። ብርዱ ሲመጣ ይረሳዋል።»

ወይዘሮ የሺጥላ ከሽሮ ሜዳ ከፍ ብሎ ባለ የድንጋይ ቤት የሚኖሩ ባልቴት ናቸው። ሴት መሰላል ስታቆም አይተው ሳቁ እንጂ አልከለከሏትም። የሰፈሩ ሸማኔዎች ግን መወርወሪያቸውን ጥለው ደጅ ወጡ።

ንግሥት ጣሪያው ላይ ሆና ጥላሸቱን ስትጠርግ፣ የዛገው ቱቦ እጇ ላይ ተፈረካከሰ። ጎንበስ ብላ ብታይ፣ ቱቦው የሚያልፍበት የጣሪያ እንጨት ከስሏል። ወርዳ ምድጃውን ፈተሸች። ጀርባው ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆ፣ ስንጥቁ በየዓመቱ በተመረገ ጭቃ ተሸፍኗል። የመረገው ባሏ ነው።

«እሜቴ፣ ይህ ምድጃ ከእንግዲህ እሳት አይገባበትም» አለች።

«ምን ማለትሽ ነው? ባጫ ዘንድሮም እመርገዋለሁ ብሎኛል እኮ!»

«ብሎ ይሆናል፤ እኔ ግን አልመርገውም። ቤቱ ከነእርስዎ ይቃጠላል።»

ወይዘሮ የሺጥላ ተቆጡ። «እንግዲያው ባልሽ ራሱ መጥቶ ይንገረኝ!»

ንግሥት ቤቷ ገብታ ያየችውን ሳትደብቅ ነገረችው። ባጫ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ለዓመታት ስሙ የተጠራበትን ሥራ ሚስቱ ነቅፋው መጣች። ኋላ ግን ወደ እሷ ዞሮ፣ «ከስሏል ነው ያልሽው?» ሲል ጠየቃት።

«እጄን አስገብቼ ዳስሼዋለሁ።»

«በይ ደግፊኝ።»

በአንድ እጁ ምርኩዝ፣ በሌላው የሚስቱን ትከሻ ይዞ፣ እያቃሰተ ዳገቱን ወጣ። ንግሥት ጣሪያው ላይ ወጥታ ከከሰለው እንጨት ቆርሳ አቀበለችው። ባጫ ሲያሸው መዳፉ ላይ ዱቄት ሆነ። ሸማኔዎቹ ሁሉ ዙሪያውን ቆመዋል። ነገሩን ማድበስበስ ይችል ነበር፤ አላድበሰበሰም።

«እሜቴ፣ ስንጥቁን ስደፍን የኖርኩ እኔ ነኝ። ጣሪያውን ግን አላየሁም። እሷ አይታዋለች። የምትልዎትን ያድርጉ።»

ወይዘሮ የሺጥላም አዲስ ምድጃ አዘዟት፤ ንግሥት ከወፍራም የብረት በርሜል ሠራችው። ባጫ ተቀምጦ ላሜራውን ይይዝላታል፤ እሷ ትቀጠቅጣለች። ቱቦውን ከጣሪያው እንጨት አራቀችው። በምድጃው በር ላይም አየሩን ለመመጠን የሚንሸራተት ክዳን አበጀችለት። ይህን ከማንም አልተማረችም፤ ከራሷ ያፈለቀችው ነበር።

የመጀመሪያው ትልቅ ዝናብ የወረደ ዕለት ወይዘሮ የሺጥላ ሁለቱንም አስጠሯቸው። የባሕር ዛፍ ፍልጡ ተለኮሰ። ጭሱ አንዴ ወደ ክፍሉ ተነነ፤ የሁሉም ዓይን ንግሥት ላይ አረፈ። እሷ ግን ሳትደነግጥ ክዳኑን በጣቷ ገፋ አደረገችው። ያኔ ጭሱ ሽው ብሎ ወደ ላይ ተሳበ፤ እሳቱም ተንቦገቦገ። ወይዘሮ የሺጥላ የደረቡትን ጋቢ ቀስ ብለው ከትከሻቸው አወረዱ።

«እጅሽ ይባረክ፣ ልጄ» አሉ።

ከሸማኔዎቹ አንዱ፣ ገበየሁ፣ በሩ ላይ ቆሞ ያይ ነበር። «ባጫ፣ እንዲህ ያለ ለእኔም ሥራልኝ እባክህ። ብርዱ ጣቴን እያደነዘዘው ክሩ ይበጠስብኛል።»

ባጫ ደረቱን ነፋ አድርጎ፣ «ሠሪዋ እሷ ናት። እሷን ለምናት» አለው።

ንግሥት እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «ጣሪያህ ሣር ነው ቆርቆሮ?»

«ቆርቆሮ።»

«እንግዲያው መጀመሪያ ወጥቼ ልየው።»

ዝናቡ አባርቶ ነበር። ባጫ መሰላሉን ሊይዝላት በምርኩዙ ቀድሟት ወጣ።