ፓስተሩ ከሰልፍ የቀረ ዕለት

ሉቪንያ ፔቲግሩ ባል አላት ከተባለ አላት፤ ድርሻዋ ምን ያህል እንደሆነ ግን እግዜር ይወቀው። ባሏ ፓስተር አሞስ ሰኞ ፍርድ ቤት ደጃፍ፣ ማክሰኞ እስር ቤት፣ ረቡዕ የሌላ ከተማ ቤተ ክርስቲያን ነው። ቤት ሲመጣም ስልኩ ቀድሞት ይጮኻል። ምስኪን፣ የእሱን ትራስ ሳታጥብ የምታቆየው ሽታው እንዳይጠፋባት ነበር። ነገ ቅዳሜ ደግሞ ጥቁሮች ለምርጫ እንዲመዘገቡ ሰልፍ አለ። የወረዳው ነጭ ፖሊስ አዛዥ፣ ሸሪፉ፣ ሰልፈኛው ላይ ሊለቃቸው ውሾቹን ካስራበ ሦስት ቀን ሆነው ይባላል። ሉቪንያ አንዲት ቀን ብቻ ፈለገች፤ ነገን፣ ባሏ ቤቷ ውስጥ፣ በሕይወት።

አርብ ከሰዓት በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት የሰልፉ ልምምድ ነበር። ግማሹ ሰልፈኛ ይሆናል፣ ግማሹ ነጭ ፖሊስ። ፖሊሱ ይሳደባል፣ ወንበር ይነጥቃል፣ አናት ላይ ውኃ ያፈሳል፤ ሰልፈኛው እጁን አጣምሮ ዝም ይላል። አንዲት ቃል የመለሰ ከሰልፉ ይቀራል። ሕጉን ያወጣው አሞስ ራሱ ነው። የሚያስከብሩት ግን የስም መዝገቡን ታቅፈው የሚቀመጡት እማማ ሜልቪና ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ለመልአክም አያዳሉ።

የአሞስ ተራ ደርሶ ተቀመጠ። ሽማግሌው ዲያቆን ሩፎስ ሊሰድበው ተነሳና፣ "አንተ... አንተ... ይቅርታ ፓስተር!" ብሎ ቤቱን በሳቅ አፈረሰው።

"ኧረ ወዲያ! ካንተ የኔ ድመት ትሻላለች" አሉ እማማ ሜልቪና። "ከልቡ የሚሰድበው ጠፋ?"

"እኔ አለሁ" አለች ሉቪንያ።

"በቃ፣ ዛሬ ጉድ ፈላ!" አለ ሩፎስ።

ስትጀምር እንደ ደንቡ ነበር። "ተነስ አንተ! እዚህ እንድትቀመጥ ማን ፈቀደልህ?" አለችና ውኃውን ደፋችበት። አሞስ ውኃው ከአገጩ እየተንጠባጠበ ፈገግ አለ። ያ ፈገግታ አንጀቷን አሳረረው።

"ትስቃለህ? ለሰው ሁሉ ትስቃለህ! የውጭ አልጋ፣ የቤት ቀጋ! እኔ ጋ እራት የበላኸው መቼ ነው?"

የሰዉ ሳቅ ቀጥ አለ። አሞስ እጁን እንዳጣመረ ነው። የት ላይ እንደሚያመው የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች፤ ነውር መሆኑንም እያወቀች ተናገረችው።

"ካልቪንን ስቀብር የት ነበርክ? ዓመት ያልሞላው ልጅህን ብቻዬን አፈር ሳለብስ?"

"እስር ቤት ነበርኩ ሉቪ" አለ። "ታውቂያለሽ እኮ።"

እማማ ሜልቪና መዝገቡን ገለጡ። ከዚያ የእርሳሱን ጫፍ በምራቃቸው አርሰው ስሙን ሰረዙ።

"መለስክ ልጄ። ሕግህ ነው።"

አሞስ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ።

ቅዳሜ ጠዋት ሉቪንያ ባሏን አገኘች። የበቆሎ ገንፎ በቅቤ፣ እንቁላል፣ የተጠበሰ ቋሊማ አቀረበችለት። አልወቀሳትም፤ ምነው በወቀሳት! በየማንኪያው "ሲጥም!" ይላል፣ ዓይኑ ግን መስኮቱ ላይ ነው። የሰልፈኞቹ መዝሙር ከሩቅ ሲሰማ ማንኪያው አየር ላይ ቀረ። እጇን ብትዘረጋ ትነካዋለች፤ ሆኖም እስር ቤት ሳለ እንኳ እንዲህ ናፍቋት አያውቅም።

"ካሻህ ሂድ" አለችው።

"ለሰው ያወጣሁትን ሕግ ለራሴ ላፍርሰው?"

በመስኮቱ አየች። ሰልፈኛው ሁለት ሁለት ሆኖ ይመጣል። ከፊት ሩፎስ ብቻውን ነው፤ አሞስ ሊሄድበት የነበረው ጎኑ ባዶ ነው። ያጎደልኩት እኔ ነኝ አለች በልቧ፣ አፈረችም። ሽርጧን ፈትታ ባርኔጣዋን ደፋች።

አሞስ ብድግ አለ። "ሉቪ፣ ውሾች አሉ እኮ!"

"ሰምቻለሁ።"

መንገድ ላይ እማማ ሜልቪና ከላይ እስከ ታች አዩዋት። "አንቺስ አፍሽን ትችይዋለሽ?"

"ያለኝን ትናንት ጨርሻለሁ እማማ።"

ሩፎስ ክንዱን ሰጣት። ጥቂት እንደሄዱ አሞስ በረንዳ ላይ ወጥቶ ተጣራ፣ "መቼ ትመለሻለሽ?"

ስንት ዓመት እሷ ስትጠይቀው የኖረችውን! ዞረች። ፎጣ በእጁ ይዞ በካልሲ ቆሟል። ልትመልስለት አፏን ከፈተችና የምትለው አጣች። ለካ እሱም በየጊዜው ዝም የሚላት መልሱን ስለማያውቀው ነበር። እጇን አነሳችለትና ከሩፎስ ጋር ሄደች።