የመጨረሻው ሰው ምስክርነት

1.

«አቦ እዝራ፣ አንተ ጠበቃችን አይደለህም።»

«ታዲያ ምንድን ነኝ?»

«ማስረጃችን ነህ» አለችው ፈቲያ።

2.

ይህ የታሪኩ ወገብ ነው። ያስቀደምኩት ፈቲያ ይህን ስትል ከዛፉ ሥር የነበረው ሰው ሁሉ በሳቅ ስለወደቀ ነው። ከእዝራ በቀር። አሁን ወደ መጀመሪያው እንመለስ።

3. አጨዋወቱ (ለማያውቅ አንባቢ)

ዛሬ በድሬዳዋ ስታዲየም ሁለት ግጥሚያ አለ እንበል። ከአራቱ ቡድኖች አምስት ተጫዋች ምረጥ። አንዱን ካፒቴን አድርገው፤ የእሱ ነጥብ እጥፍ ይሆንልሃል። ያገባ፣ ለግብ ያቀበለ፣ መረቡን ያላስደፈረ ነጥብ ያመጣልሃል። ቀይ ካርድ ያየ ያስቀንስብሃል። ፊሽካ ሳይነፋ ምርጫህን ላክ። ከዚያ በኋላ የቀረህ ሥራ መጮህ ብቻ ነው።

ትንሽ መዋጮ አለው። የቀኑ አንደኛ የሞባይል ካርድ ይወስዳል። ነገ ሁሉም ከዜሮ ይጀምራል።

«የዕለት ፋንታሲ» ይሉታል።

4.

ከከተማው ምክር ቤት የወጣው ረቂቅ ደንብ ግን ሌላ ይለዋል።

«አንቀጽ 9። ሰዎች መዋጮ አዋጥተው በሌሎች ጨዋታ ውጤት መነሻነት ሽልማት የሚያገኙበት ማንኛውም ጨዋታ፣ ስሙ ምንም ይሁን ምን፣ ቁማር ነው። የተከለከለ ነው።»

«ስሙ ምንም ይሁን ምን» የሚለውን ከተጫዋቾቹ አንዱ ከማል ጮክ ብሎ አነበበውና ወረቀቱን አጠፈ።

«ስማችንን ሳይጠሩ ሰደቡን» አለ።

5.

እዝራ ገንደ ቆሬ ተወልዶ ያደገ የድሬ ልጅ ነው። ለትምህርት ቡዳፔስት ሄደ፣ ስታቲስቲክስ አጠና፣ ዶክተር ተባለ፣ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ተመለሰ። ለምን እንደተመለሰ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ በየወሩ ይለያያል። ለራሱ የሚሰጠውም እንደዚያው።

መንገድ ላይ የሚያገኘው ሰው ሁሉ ሦስት ጊዜ ጉንጩን ስሞ፣ ስለ እናቱ ጤና ጠይቆ፣ መጨረሻ ላይ የሚያመጣት ጥያቄ አንድ ናት፦ «መቼ ነው የምትሄደው?» ክፋት የላትም። ግን በገዛ አገርህ ውስጥ ሰው በየቀኑ በር ድረስ ሲሸኝህ ምን ታደርጋለህ?

ከዚራ ሰፈር ካለው ትልቅ ዛፍ ሥር ግን ማንም ጠይቆት አያውቅም። እዚያ ጨርቅ ነጋዴዋ ፈቲያ አለች፤ የፋንታሲ ተጫዋቾቹ ማኅበር ሊቀመንበር ናት። ባለ ፋርማሲው ከማል አለ፤ ከፊት የሚወጣው እሱ ነው። ሌሎችም አሉ። እዝራ ሲመጣ የሚሉት፣ «ዛሬ ማንን ካፒቴን አደረግክ?» ነው።

ሲነግራቸው ይስቃሉ።

ምክንያቱም እዝራ መጨረሻ ይወጣል።

ሁልጊዜ።

ግን ዛፉ ከተዘጋበት የሚሄድበት ሌላ ጥላ የለውም። ይህን ለማንም አልተናገረም። ለአንተ የነገርኩህ እኔ ነኝ።

6. የተሰረዙ ትርጓሜዎች

ምክር ቤቱ ረቂቁን ከማጽደቁ በፊት የሕዝብ አስተያየት መድረክ ጠራ። እዝራ ጠበቃ ነኝ ብሎ ተነሳ። አርባ ገጽ ጻፈ። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ፋንታሲ ምን እንደሆነ መናገር ነበረበት።

«የዕለት ፋንታሲ ማለት የዕውቀት ውድድር ነው።»
ከማል፦ ፈተና አስመሰልከው እኮ።

«የዕለት ፋንታሲ ማለት በመረጃ ትንተና ላይ የተመሠረተ፣ የዕድል ድርሻው አነስተኛ የሆነ፣ ተሳታፊዎች የሚያደርጉት…»
ፈቲያ፦ ተኛሁ።

«የዕለት ፋንታሲ ማለት ቁማር ያልሆነ ጨዋታ ነው።»
ፈቲያ፦ ይቺን ሌባም ይላታል። ሌባ አይደለሁም ብሎ።

7. ልምምድ

መድረኩ ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው ከዛፉ ሥር ተለማመዱ። ፈቲያ በርጩማ ላይ ተቀምጣ የኮሚቴውን ሰብሳቢ ሆነች። ምስክር ተደርጎ የቀረበው ከማል ነበር። የእዝራ ሐሳብ ነው፤ አሸናፊው ቀርቦ ችሎታውን ያሳይ።

«ስምዎ?»

«ከማል አብዱልሰመድ። ሁልጊዜ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ውስጥ ነኝ። ይህ የሚያሳየው…»

«ቁማር የለመደብህ መሆኑን ነው። ቀጣይ!»

«እንዴ ፈቲያ!»

«እኔ ምን ላድርግ? እዚያ ያለችው ሰብሳቢ የምትለውን ነው ያልኩት። የሚያሸንፍ ሰው በዕድል አሸነፈ ተብሎ ነው የሚጠረጠረው። ሁሉም ቁማርተኛ መጀመሪያ ሲያወራ እንዳንተ ነው።»

ለውዝ የሚፈለፍለው እጅ ሁሉ ቆመ። ፈቲያ ዓይኗን ከከማል ላይ አንስታ ቀስ ብላ እዝራ ላይ አሳረፈች። የተቆረጠ ጨርቅ የምትለካ ይመስል ከላይ እስከ ታች አየችው።

የቀረውን ታውቀዋለህ።

8.

እዝራ ያን ቀን ቤቱ ገብቶ አርባውን ገጽ አየ። ዘጠኝ ዓመት የተማረው እዚያ ውስጥ ነበር። አገሩ ከዚያ ውስጥ አንዱንም አልፈለገችም፤ የፈለገችው ሽንፈቱን ነው። ከመድረኩ ልቅር አለ። ልሂድ አለ። ሕዝብ ፊት ቆሞ «እኔ ጅራት ነኝ» ማለት ምን ይባላል? እናቱ ብትሰማስ?

ከዚያ ቁጭ ብሎ አሰላው። የተማረ ሰው ክፉ ልማድ ነው። አንድ ሰው በዕድል ብቻ ይህን ያህል ጊዜ፣ ሳያቋርጥ፣ ጅራት ሊሆን ይችላል?

አይችልም።

ፈቲያ ልክ ነበረች።

9. ከመድረኩ (ሳሉና የወንበሩ ድምፅ ተቀንሶ)

ወ/ሮ ሽታዬ (የኮሚቴው ሰብሳቢ)፦ ቀጣዩ ተናጋሪ?

እዝራ፦ እዝራ ገብረየስ እባላለሁ። የፋንታሲ ተጫዋቾችን ወክዬ ነው የመጣሁት።

ወ/ሮ ሽታዬ፦ አሸናፊው እርስዎ ነዎት?

እዝራ፦ አይደለሁም። መጨረሻ የሚወጣው ነኝ።

(ሳቅ)

እዝራ፦ የተከበሩ ሰብሳቢ፣ ዕጣ ቢሆን ኖሮ ለእኔም አንድ ቀን ይወጣልኝ ነበር። ዕጣ ለማንም አያዳላም። እኔ ግን የኳስ ውድድሩ ወደ ከተማችን ከመጣ ወዲህ ከመጨረሻው ደረጃ ወጥቼ አላውቅም። አቶ ከማል ደግሞ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ወርዶ አያውቅም። በዕድል እንዲህ ዓይነት ሽንፈት አይገኝም። ይህ ተሠርቶ የሚመጣ ነው።

(ረጅም ሳቅ)

አቶ ግዛቸው (የኮሚቴው አባል)፦ ዶክተር ናቸው ብለውን ነበር። በምንድን ነው የሚሸነፉት?

እዝራ፦ እለውጣለሁ። ጠዋት አምስት ሰው እመርጣለሁ። ከሰዓት እጠራጠራለሁ። ፊሽካ ሊነፋ ሲል ሰርዤ ሌላ እልካለሁ።

ፈቲያ (ከኋላ)፦ የጠዋቱን ቢልክ ከማልን ይበልጠው ነበር!

ከማል፦ ኧረ ተይኝ ባክሽ!

ወ/ሮ ሽታዬ፦ ሥርዓት!

አቶ ግዛቸው፦ እኔ አልሳቅኩም። እኔ ልጄን ከውርርድ ቤት እየጎተትኩ ያወጣሁ ሰው ነኝ። ትምህርቱን ጣለ። እሱም የሚለኝ ይህንኑ ነው፤ «አባዬ፣ ዕድል አይደለም፣ ኳስ አውቃለሁ» ይለኛል። የእናንተ ከዚያ በምን ይለያል?

10.

አርባው ገጽ በእዝራ እጅ ነበር። ፋንታሲ ችሎታ ነው ብለው ስለፈረዱ የሕንድ ፍርድ ቤቶች የሚያወራ ገጽ ነበረበት። ስለ ስሌት የሚያወራ ገጽ ነበረበት። ስለ አንድ አባት የሚያወራ ገጽ አልነበረበትም።

ወረቀቱን አጥፎ ወንበሩ ላይ አኖረው።

ከኋላው ፈቲያ አፏን በእጇ ያዘች። ይህ በድሬዳዋ ብዙ ጊዜ አይታይም።

እዚህ ላይ ለእዝራ ያማረ መልስ ልሰጠው እችል ነበር። የመለሰው ግን ይህን ነው።

11. ከመድረኩ (የቀጠለ)

እዝራ፦ የልጅዎን ነገር አልጻፍኩትም። መጻፍ ነበረብኝ።

አቶ ግዛቸው፦ እና?

እዝራ፦ ዛሬ ባለበት ሁኔታ ፍጹም ይለያል ብዬ አልምልም። ደንብ የምንጠይቀው ለዚህ ነው። ብትከለክሉን ጨዋታው አይጠፋም፤ ከዛፉ ሥር ተነሥቶ ጓሮ ይገባል። ጓሮ ውስጥ ደግሞ ልጅዎን የሚያየው የለም። ከዛፉ ሥር ግን ፈቲያ አለች።

ፈቲያ፦ ዕድሜው ያልደረሰ ከመጣ ለአባቱ ነው የምደውለው! ወላሂ!

እዝራ፦ እሷ በራሷ የምታደርገውን ሕግ አድርጉልን። ዕድሜ ይወሰን። መዋጮው ጣሪያ ይኑረው። ሰው በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ይጫወት፤ የተሸነፈ ሰው ላስመልስ ብሎ ያንኑ ቀን አይድገም። እኔ በየቀኑ ተሸንፌ ቤቴ በሰላም የገባሁት፣ የሚያስደግመኝ ስለሌለ ነው።

አቶ ግዛቸው፦ አሸናፊ መጥቶ ይህን ቢለኝ ጆሮዬን አልሰጠውም ነበር።

ወ/ሮ ሽታዬ፦ ይቀመጡ ዶክተር። አመሰግናለሁ።

12.

ኮሚቴው እርስ በርሱ አንሾካሾከ። ከዚያ ወይዘሮ ሽታዬ መነጽራቸውን አውልቀው ተናገሩ።

«አንቀጽ 9ን ዛሬ አናጸድቀውም። አንሰርዘውምም። የሚከለከለው ተጽፏል፤ የሚፈቀደው ግን ምን እንደሆነ አልተጻፈም። ሥሩ ንዑስ አንቀጽ ይገባል። ባዶ ነው።»

«ማን ይሙላው የተከበሩ ሰብሳቢ?» አለ አንድ ድምፅ።

«እናንተ። ከውርርድ የሚለይበትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጽፋችሁ አምጡ። አንድ። እንዲገባ የምፈልገው ለጠበቃ አይደለም» አሉና ወደ አቶ ግዛቸው ዞሩ፤ «ለእሳቸው ልጅ ነው። ሰኞ እንሰበሰባለን።»

አቶ ግዛቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። መስማማት ይሁን ድካም አልለየም። ሲወጡ ግን እዝራን በር ላይ ጠበቁትና፣ «የልጄ ስም በረከት ነው» አሉት። «ለማን እንደምትጽፍ እንድታውቅ ብዬ ነው።»

13.

ከዛፉ ሥር ሁሉም አፍ አወጣ።

«ችሎታ የሚለው ይግባበት!»

«ሕግ የሚለው ይቅደም!»

«የእዝራ ስም ይግባበት፣ ለመቀጣጫ!»

«ዝም በሉ!» አለች ፈቲያ። ብዕሯን ከጆሮዋ ላይ አንስታ ለእዝራ ሰጠችው። «ጻፍ። እንዳትለውጥ ግን። ብትለውጥ እጅህን ነው የምይዘው።»

እዝራ በረከትን አይቶት አያውቅም። የኳስ ማልያ የለበሰ፣ የአባቱን ዓይን የሚሸሽ ልጅ አሰበ። ምን ቢሉት ይሰማል? እውነት ሆኖ፣ አጭር ሆኖ፣ የማይሰብከው ምን አለ?

ጻፈ።

ከማል በእዝራ ትከሻ ላይ ጎንበስ ብሎ አነበበ። መዳፉ ላይ የነበረውን ለውዝ ለእዝራ ሰጠው።

እዝራ ብዕሩን እንደገና ወረቀቱ ላይ አስጠጋ። ፈቲያ እጇን እጁ ላይ ጣለች።

«ይበቃል ወንድሜ» አለችው።

14.

ምን እንደጻፈ አልነግርህም። ሰኞ ገና ነው፤ ደግሞም አንተም ኳስ የሚወድ አንድ በረከት አታጣም። እሱን አስብና ሙላው፦

«9.1 የዕለት ፋንታሲ ማለት





                                                                          »