ሦስተኛው ስብራት

ተማሪዎቿ በሌለችበት «እሜቴ አጥንት» ይሏታል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሺህ ዓመታት የሚቆጠር ዕድሜ ያላቸውን አፅሞች ስትመረምር ኖራለችና ስሙ ይገባታል። ከአፅም ጋር ብቻዋን ውላ ፈርታ አታውቅም። ዛሬ ግን አንድ የራጅ ፊልም አስፈራት።

ፊልሙ የልጇ ነው። ልጅቷ ደረጃ ላይ አዳልጧት ክንዷ ተሰበረ ብሎ ስልክ የደወለላት አማቿ፣ የልጇ ባል፣ ነበር። እሷ ሆስፒታል ስትደርስ ሐኪሙ ጄሶ አድርጎላት ወጥቷል። እናት ፊልሙን ከራስጌ አንስታ ወደ መስኮቱ ያዘችው፤ ልማድ አይለቅም። አዲሱ ስብራት በትንሿ ጣት በኩል ካለው የክንድ አጥንት መሀል ነው። ከሱ ዝቅ ብሎ ሌላ፣ የጠገነ። ከፍ ብሎ ሦስተኛ፣ እሱም የጠገነ። በየዓመቱ የምታስተምረው ነገር ነው፦ የሚወድቅ ሰው መዳፉን ያስቀድማል፣ የሚጎዳውም የእጁ አንጓ ነው። ይህ አጥንት ብቻውን እንዲህ የሚሰበረው ዱላ ሲመጣ ሰው ክንዱን አንስቶ ፊቱን ሲከልል ነው።

«እማዬ፣ መቼም እርስዎ ባለሙያ ነዎት፤ ምን አዩበት?» አለ አማቿ በሩን ተደግፎ። ፈገግ ብሏል፤ ዓይኑ ግን ከፊልሙ አልተነቀለም።

ፊልሙን ወደ ራስጌው መለሰችው። «ኧረ ተወኝ ልጄ! እኔ የሙታኑን እንጂ የሕያዋኑን ምን አውቄ? አንድ ስብራት ነው፣ ቶሎ ይጠግናል። በል መድኃኒቷን ከታች ከመድኃኒት ቤቱ አምጣና ወደ ቤታችሁ ትሄዳላችሁ።»

ኮቴው ሲርቅ አልጋው ጫፍ ላይ ዘፍ አለች። «ሦስት ነው» አለች በሹክሹክታ።

ልጅቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «አንቺ ቤት እንዳልመጣ የከለከለኝ ለዚህ እኮ ነው። ‹እናትሽ አጥንት ታነባለች› ይላል።»

እናት ዓመቱን ሙሉ «ባል አግብታ ረሳችኝ» ብላ አኩርፋ ነበር። አንድ ቀን እንኳን ሄዳ በራቸውን አላንኳኳችም። በራሷ አፈረች።

«ተነሺ፣ ከኔ ጋር ትሄጃለሽ።»

«ይገለኛል፣ እማ።»

«አውቃለሁ» አለች። እውነትም ታውቃለች። እንዲህ ያለ ክንድ የነበራቸው ሴቶች በእጇ አልፈዋል፤ አራተኛውን ስብራት ክንዳቸው ላይ አግኝታው አታውቅም። ያገኘችው ራስ ቅላቸው ላይ ነው፣ እሱም አልጠገነም።

ጫማዋን ልታደርግላት ጎንበስ አለች። በዚህ መሀል በሩ ተከፈተ። አማቿ መድኃኒቱን እንደያዘ መጀመሪያ ጫማውን፣ ቀጥሎ እሷን አየ፤ ፈገግታው ጠፋ። በሩን ከኋላው ቀስ አድርጎ ሊዘጋው እጁን ሲዘረጋ፣ በሠላሳ ዓመት የማስተማር ዘመኗ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማታውቀው ሴት ባላት ኃይል ጮኸች፦

«ኧረ የሰው ያለህ! ልጄን ሊገልብኝ ነው!»