ሳሚ የገደለው አጎቴ

ሳሚ ስልክ ላይ መልስ ለመስጠት የሚቸኩለውን ያህል ክፍል ለመግባት ቢቸኩል ኖሮ የትምህርት ቤታችን ምርጥ መምህር ይባል ነበር። መልእክቱን ጀምሮ ሳይጨርስ ጣቱ መልስ ጽፏል። አንድ ጊዜ ርእሰ መምህራችን ወይዘሮ ብሩክታይት "አሞኛል፣ ነገ አልገባም" ብለው ቢጽፉ "እንኳን ደስ ያለዎት" ብሎ መልሶላቸው ስንስቅበት ከረምን። እኔም ስቄያለሁ። አሁን ሳስበው ያኔ ከመሳቅ ስልኩን ብንቀማው ይሻል ነበር።

የዚያን ቀን ጠዋት ይስሐቅ የሚባል ሰው ከቤሌ ለወይዘሮ ብሩክታይት ደወለላቸው። የጥሩነሽ ወንድም ነው። ጥሩነሽ የቤተ መጻሕፍታችን ሠራተኛ ናት፤ ለእኔ ደግሞ ከሥራ ባልደረባም በላይ ናት። አባቷ አቶ ባዳቾ ንጋት ላይ ማረፋቸውን ነገራቸው።

"ለእሷ አባባን ትንሽ አሞታል፣ ድረሺ ብያታለሁ" አለ ይስሐቅ። "እባካችሁ መንገድ ላይ እንዳትሰማ። እዚህ እናታችን አጠገብ ስትቀመጥ ሽማግሌዎች ይነግሯታል።"

ይህን ማንም ለማንም ማስረዳት አያስፈልገውም። እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው የወላጁን ሞት የሚሰማው ቁጭ ብሎ፣ ግራና ቀኝ የሚይዘው ሰው ኖሮ፣ ሲወድቅ የሚያነሳው ኖሮ ነው። እስከዚያ ድረስ የሰማ ሁሉ አፉን ይይዛል።

መናኸሪያ የሸኘኋት እኔ ነኝ። አብሬሽ ልሂድ ብላት ትጠረጥራለች ብዬ ፈራሁ፤ ደግሞም የፈተና ሳምንት ነበር። ፈተናው ምክንያት ሆኖኝ ብቻዋን መላኬ እስካሁን ይቆጨኛል። መንገድ ላይ ቆማ ለአባቷ ብርቱካን ገዛች። አንድ በአንድ እያገላበጠች፣ የለሰለሰውን እየመለሰች፣ "ለበሽተኛ ጠንካራው ነው የሚቆየው" እያለች ስትመርጥ፣ እኔ ዞር ብዬ የማላውቀውን ሱቅ ማስታወቂያ አነበብኩ። ምንም ያልሰማ ሰው ፊት ይዞ መቆም እንዲህ ከባድ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ያኔ ስልኬ ጠራ። የቦምቤው አጎቴ ህብረት ነው። አባቴ ከሞተ በኋላ ያሳደገኝ እሱ ነው፤ ሌላ አጎት የለኝም። በየቀኑ ይደውላል፣ ስለ ላሙ ያወራል፣ ስልኩ ሩቅ ስለሚመስለው ይጮኻል። ጥሩነሽ ጩኸቱን ሰምታ ስልኩን ከእጄ ወሰደችና በወላይትኛ ስለ ላሚቱ ጤና ጠየቀችው። ሳቀ፣ ሳቀች። ከዚያ ብርቱካኗን ታቅፋ አውቶቡስ ውስጥ ገባች።

ወይዘሮ ብሩክታይት በዚህ መሃል ለቀብሩ ጉዞ ጥሩነሽ የሌለችበት አዲስ የቴሌግራም ግሩፕ ከፍተው ሁላችንንም አስገብተውን ነበር። የድሮው ግሩፕ፣ እሷ ያለችበት፣ ያው ከላይ ተቀምጧል። መምህራን ክፍል ስደርስ ሳሚ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ስልኩን እንደ ትኩስ ድንች ከእጅ ወደ እጅ ያዘዋውራል። ፊቱ አመድ መስሏል።

"ምን ሆንክ?"

ስልኩን ሰጠኝ። በድሮው ግሩፕ እንዲህ ብሎ ጽፏል፦ "ለቀብሩ እኔም አለሁ። መኪናው ጠዋት ከየት ነው የሚነሳው?" ከሥሩ የጥሩነሽ ጥያቄ አለ፦ "የማን ቀብር?" ከእሱም ሥር፣ ማንንም ሳያማክር፣ ትንፋሽ ሳይወስድ፣ የሳሚ መልስ፦ "የቤቴል አጎት አርፈው ነው።"

"ሌላ ስም አልመጣልኝም" አለ።

"አጎቴን ገደልከው" አልኩት። ድምፄ እንዲህ መቀዝቀዙ ራሴንም አስፈራኝ። በጥፊ ባጮለው ደስ ይለኝ ነበር፤ ይህን አልደብቅም። ከባሕር ዳር ተመድቦ የመጣው ይልቃል ደግሞ ውሸቱን ላግዝ ብሎ "ነፍስ ይማር፣ ቤቴል" ሲል ጻፈ። ሌሎቹም ተከተሉት። ቦምቤ ላሙን ሲያልብ የዋለ ሰው በአንዴ የመምህራን ሁሉ ኀዘን ደረሰበት።

ሳሚ መልእክቱን ሊያጠፋው ይችል ነበር፤ ግን አይታዋለች። እኔም ያን ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ነው የታየኝ፦ ጥሩነሽ መንገድ ላይ ናት፣ ብቻዋን ናት፣ ውሸቱ ከተበላሸ አውቶቡስ ወንበር ላይ መርዶ ትሰማለች። ስለዚህ ስልኬ ጠርቶ ስሟን ሳይ ውሸቱን ለመሸከም ወሰንኩ።

"ቤቴልዬ" አለች። ከኋላዋ የሞተሩ ድምፅና የሆነ ሕፃን ለቅሶ ይሰማል። "አሁን አየሁት። ጌታ ያጽናሽ።"

"አሜን" አልኩ።

የጠዋቱ የአጎቴ ጩኸት ትዝ አለኝ። ታስታውሳለች ብዬ ጠበቅኩ። የትኛው አጎትሽ ብላ ግን አልጠየቀችም። ሌላ አጎት ያለኝ መስሏት ይሆናል ብዬ ራሴን አጽናናሁ፤ ጌታንም አመሰገንኩ።

"አሳድጎሻል አይደል?" አለች። "አባት ማለት ነው።"

"አባት ማለት ነው።"

"እንግዲያው አልቅሺ። አትያዢው። እኔም አብሬሽ አለሁ።"

ከዚያ ማልቀስ ጀመረች። ለሰው አጎት እንዲህ ይለቀሳል እንዴ ብዬ እስክደነግጥ ድረስ፣ ከሆዷ፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ አለቀሰች። እኔም አባቷ ሞቶ እሷ እኔን ስታጽናና መስማት አቃተኝና ጠረጴዛው ላይ ተደፍቼ ጮክ ብዬ አለቀስኩ። አጠገቧ ያለች ሴት "ማን ሞተ?" ስትላት፣ ጥሩነሽ "የጓደኛዬ አጎት" ስትል ሰማሁ። ስለ እሱ ንገሪኝ አለችኝ። እኔም አጎቴ ትምህርት ቤት ሲያደርሰኝ ጭቃ ላይ ይሸከመኝ እንደነበር ነገርኳት። እሷም አባቷ እንዲሁ ያደርጋት እንደነበር ነገረችኝ። "ጥሩ አባት ነበር" አለች። "ነበር" ማለቷን ያኔ ልብ አላልኩትም። ኔትወርኩ እስኪቋረጥ ድረስ እንዲህ ቆየን፤ ሳሚ በሩ ሥር ቆሞ መሬት መሬት ያያል።

በማግስቱ ቤሌ ደረስን። ቀብሩ አልቆ ሰው ድንኳን ውስጥ ሲቀመጥ ጥሩነሽ እናቷ እግር ሥር ነበረች። ሽማግሌዎቹ መርዶውን ሲነግሯት "ታ አዋው" እያለች አባቷን ጠርታ እንደወደቀች ይስሐቅ ነገረን። መንገድ ላይ ሳትሰማ በመድረሷ ደጋግሞ አመሰገነን። ሳሚ ምስጋናውን ሲቀበል አንገቱ ወደ ደረቱ ገባ።

ሰው ሲሳሳ ጠራችን። ሳሚ የተዘጋጀበትን ይቅርታ ሊጀምር አፉን ከፈተ፤ እጁን ይዛ አስቆመችው።

"አውቄ ነበር" አለች።

"መቼ?" አልኩ።

"እሱ ሲጽፍ። አጎትሽን እኮ ጠዋት በስልክ አናግሬዋለሁ፣ ቤቴል። ደግሞ አጎትሽ ሞቶ አንቺ እኔን መናኸሪያ ትሸኛለሽ?" ድምፅዋ በለቅሶ ብዛት ሻክሯል። "ብርቱካኑን አጠገቤ ለነበረችው እናት ሰጠኋት። ለማን ላድርሰው?"

"ታዲያ ለምን ደወልሽልኝ? ለምን አልተናገርሽም?"

እናቷን ዞር ብላ አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "እነሱ ሊነግሩኝ ተዘጋጅተው እየጠበቁኝ ነበር። መንገድ ላይ ሰምታ መጣች ከተባለ እማማ 'ልጄ ብቻዋን አለቀሰች' እያለች እስክትሞት ይቆጫታል። ግን እስከ ቤሌ ይዤው መምጣት አልቻልኩም። በአንቺ አጎት አለቀስኩ።"

ሳሚ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። እኔ አቀፍኳት። ቁጣዬ የት እንደገባ አላውቅም፤ በሳሚ ላይም፣ ብቻዋን በላክኋት በራሴም ላይ የነበረው ሁሉ ሟሸሸ። ልንሄድ ስንነሳ "አጎትሽን ሰላም በይልኝ" አለችኝ።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ ሆኜ ደወልኩለት። እንደ ልማዱ እየጮኸ ላሚቱ ዛሬ ምን ያህል እንደታለበች ጀመረልኝ። ድምፁን ስሰማ አለቀስኩ። ለቅሶዬን ሰምቶ ወሬውን አቋረጠ።

"ማን ሞተ?" አለ።

"የጥሩነሽ አባት" አልኩት።