ቅምሻ እንደ መብላት አይቆጠርም

እኛ ኬክ ቤት ውስጥ ሚጡ ሳትቀምሰው ከበር የሚወጣ ነገር የለም። ሚጡ ታናሽ እህቴ ናት። እኔ ዱቄት እለካለሁ፣ ምድጃ እጠብቃለሁ፣ ከደንበኛ ጋር እጨቃጨቃለሁ። እሷ ክሬሙን ትመታለች፣ ታስጌጣለች፣ ትቀምሳለች። ደንበኛ የሚመላለሰው ለእሷ እጅ እንጂ ለእኔ ጠባይ እንዳልሆነ አሳምሬ አውቃለሁ።

ሚጡ ካገባች ጀምሮ ልጅ፣ ልጅ እንዳለች ነው። የወር አበባዋ ግን ሲያሻው ይመጣል፣ ሲያሻው ደብዛው ይጠፋል። አገጯ ላይም ፀጉር እየበቀለ አስቸገራት፤ ጠዋት ጠዋት በምድጃው በር መስታወት እያየች በወረንጦ ትነቅላለች። "ኧረ ክሬሙ ውስጥ እንዳይገባ!" እላታለሁ፣ ትስቃለች። አንድ ቀን ግን መሳቁ ቀረና ወረንጦውን እንደያዘች ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ሱቁን ዘግቼ እየጎተትኩ ሐኪም ቤት ወሰድኳት።

ዶክተሩ ረጋ ያሉ ሽማግሌ ናቸው። በአልትራሳውንድ አዩዋት፣ ደሟን አስመረመሩ፣ ከዚያ አስቀምጠው አስረዱን። ፒሲኦኤስ ይባላል አሉ። ሆርሞኖቿ ስለተዛቡ የዘር እንቁላሏ በጊዜው በስሎ አይወጣም፤ ሰውነቷም ስኳርን እንደሚገባው አይጠቀምበትም።

"መውለድ አልችልም ማለት ነው?" አለች ሚጡ።

"ማን አለሽ ልጄ? ይሄ ያለባቸው ብዙ ሴቶች ወልደዋል። መድኃኒቱን ትወስጃለሽ፣ ምግብሽን ታስተካክያለሽ፣ በእግርሽ ትሄጃለሽ። መጀመሪያ የወር አበባሽ መስመር ይያዝ። እሱ እምቢ ካለን ደግሞ ሌላ መላ አለን።"

ለምግቡ ወደ አንዲት ወጣት የሥነ ምግብ ባለሙያ መሩን። ስኳርና ነጭ ዱቄት ቀንሺ፣ እንቁላል፣ ምስር፣ ዓሣና አትክልት አብዢ፣ ቁርስ አትዝለይ አለቻት። ቀጥላም "ጣፋጭ ትወጃለሽ?" ብላ ጠየቀች።

"ኧረ በፍጹም!" አለች ሚጡ።

እኔም ከጎኗ ሆኜ "ኬክማ አንገሽግሿታል፣ ቁራሽ አትነካም" ብዬ መሰከርኩ። እውነታችንን ነበር። ሚጡ ቁጭ ብላ ኬክ ስትበላ አይቻት አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ሚጡን ማን ይቻላት! ምሳዋን ከቤት ቋጥራ ትመጣለች፤ ኪኒኗን ከምግብ ጋር ትውጣለች። መጀመሪያ ላይ ሆዷን አገላብጦት ነበር፤ ዶክተሩ ከትንሽ አስጀምረው ቀስ በቀስ አስለመዷት። ከሥራ ስንወጣ ባሏ በር ላይ ይጠብቃትና እየተጨዋወቱ በእግራቸው ይሄዳሉ። ወራት አለፉ። የወር አበባዋ ግን መስመር አልያዘም። አንድ ቀን ሚጡ ኬክ ላይ የክሬም ጽጌረዳ እያበጀች "እኔ አልታደልኩም መሰለኝ፣ እትዬ" አለችኝ። "አፍሽን ዝጊ!" ብዬ ጮህኩባት። ከዚያ ዱቄት ላመጣ ብዬ ጓዳ ገባሁና አለቀስኩ።

አንድ ቅዳሜ ያቺው የምግብ ባለሙያ ለልጇ የልደት ኬክ ልታዝ መጣች። ሥራ በዝቶብናል። ሚጡ ከቸኮሌቱ ክሬም ቀመሰች፣ ስኳር ጨመረች፣ ደግማ ቀመሰች። ወደ ቫኒላው ዞረች፣ ቀመሰች። የእንጆሪውን ክሬም አቀጠነች፣ ቀመሰች። የሴትዮዋ ዓይን ማንኪያውን እየተከተለ ወዲያ ወዲህ ይላል።

"ጣፋጭ አልበላም አላልሽኝም እንዴ?"

"አልበላም እኮ!" አለች ሚጡ ማንኪያውን ከአፏ አውጥታ።

"ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?"

"ይሄማ ቅምሻ ነው።"

ደሜ ፈላ። "ስሚኝ እህቴ፣" አልኩ፣ "በእኛ ሙያ ቅምሻ እንደ መብላት አይቆጠርም!"

ሴትዮዋ ከት ብላ ሳቀች። "እናንተ ባትቆጥሩትም ሰውነቷ ይቆጥረዋል" አለች። ሚጡ ማንኪያውን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ፊቷ አመድ መሰለ።

"ሥራዬን ልተው ነው?"

"ምን በወጣሽ! ሌላ ሰው ይቅመስልሽ። የግድ ከሆነብሽ ደግሞ በማንኪያው ጫፍ፣ እሱም ከምሳ በኋላ።"

ሌላ ሰው ማለት እንግዲህ እኔ ነኝ። የእኔ ምላስ ደግሞ ምላስ እንዳይመስላችሁ! ሚጡ ማንኪያ ታጎርሰኝና ዓይን ዓይኔን ታያለች።

"ምን ይላል?"

"ይጣፍጣል።"

"እሱማ ኬክ ነው! ጉሮሮ ላይ ይቀራል ወይስ ይወርዳል?"

"እኔ ምን አውቄ? ወርዷል!"

ስንጨቃጨቅ እንውላለን። አንድ የልደት ኬክ እንዲያውም በጣም ጣፋጭ ነው ተብሎ ተመለሰብን፤ ጥፋቱ የእኔ ቢሆንም ከደንበኛው ጋር ተጣላሁ። ሚጡ ግን ስኳሩን በሚዛን መለካት ጀመረች፣ የክሬሙን ውፍረት በዓይኗ እያየች መፍረድ ለመደች፣ እኔም ቀስ በቀስ ምላስ አበጀሁ። ልብሷ ሰፋት፣ ፊቷ ፈካ። ከዚያ የወር አበባዋ መጣ። ዶክተሩ ደስ አላቸው፤ እሷ ግን "አንዴማ ድሮም ይመጣ ነበር" ብላ ማመን አቃታት። የሚቀጥለው በጊዜው ይምጣና ያኔ አምናለሁ አለች። እኔም አብሬ ስጠብቅ እንቅልፍ አጣሁ።

ዛሬ ጠዋት አንድ ሙሽራ ከእናቱ ጋር ሆኖ የሠርግ ኬክ ያዛል። እናትየው ኬኩ ላይ ሌላ ፎቅ ይጨመር ትላለች፣ እኔ ይወድቃል እላለሁ፤ ድምፃችን ከፍ ብሏል። በዚህ መሃል ሚጡ ከጓሮ ሽርጧን እንደጨበጠች እየሮጠች ገባች።

"እትዬ መጣ! በቀኑ መጣ!"

ባንኮኒውን እንዴት እንደዞርኩት አላውቅም። አንገቷ ላይ ተጠመጠምኩ። እሷ ትስቃለች፣ እኔ አለቅሳለሁ፣ ክሬሙም ዱቄቱም ሁለታችን ላይ።

"ምንድን ነው የመጣው?" አለች የሙሽራው እናት።

እኔ ሴት ልጅ ይህን ነገር በሹክሹክታ እንኳ እንዳትናገረው ተብዬ ያደግሁ ነኝ።

"የወር አበባዋ!" ብዬ ጮህኩ።

ሙሽራው የሚገባበት ጠፋው። የኬኮቹን ፎቶ አየ፣ ጣሪያውን አየ፣ እናቱን አየ፣ በመጨረሻ ጉሮሮውን ጠረገና "እ... እንኳን ደስ ያላችሁ" አለን።

"ደስ ብሎናል ወንድሜ" አልኩት። "በጣም ደስ ብሎናል።"