ሃያ ሦስትን የሚለቅ የለም

ዩኒየናችን የዘር ድንች ያከፋፍላል። እንጅባራ ያለው ዋናው ቢሮና የዳንግላው ቅርንጫፍ በክላውድ ላይ የየራሳቸው ኔትወርክ አላቸው። የእኛ የእንጅባራው አድራሻ ስለሞላ፣ የጥሊሊውን አዲስ መጋዘን የሚይዝ ሰብኔት፣ ማለትም ንዑስ የአድራሻ ክልል፣ እንድጨምርና ሁሉንም ከዳንግላ ጋር እንዳገናኝ ታዘዝሁ። ከተቀጠርሁ ገና ሁለት ወር አልሞላኝም።

"እስከ ምሳ ካልሆነ ከባሕር ዳር ባለሙያ አስመጣለሁ" አሉ ሥራ አስኪያጁ አቶ ዓባይነህ።

ወደ ኮምፒውተሬ ዞርሁ። ከአለቃ ጋር መከራከር አይሆንልኝም።

ላገናኝ ስሞክር ሲስተሙ እምቢ አለ፤ አድራሻዎቹ ተደራርበዋል። ለዳንግላው ባለሙያ ለይኸነው ደወልሁለት።

"አድራሻችሁ ከስንት ይጀምራል?"

"ከዐሥር ነጥብ ሃያ ሦስት።"

"ለምን ሃያ ሦስት?"

"ምን ማለትሽ ነው ማስተዋል? ጥር ሃያ ሦስት ነዋ! የፈረስ በዓላችን ቀን እያለ ማን ከዜሮ ይጀምራል?"

ሳቄን ዋጥሁት። የእኛንም ሃያ ሦስት ያስባሉት አቶ ዓባይነህ ናቸው፣ በዚሁ ምክንያት። ሁለት ቤት አንድ ቁጥር ከያዘ ግን መልእክቱ የማንን በር እንደሚያንኳኳ አያውቅም። "አንዱ መልቀቅ አለበት" አልሁ።

"ዳንግላ ይልቀቅ" አሉ አቶ ዓባይነህ ከጀርባዬ። "በዓሉ የሚከበረው እዚህ ነው።"

ይኸነው በስልኩ ሰማቸው። "ጋሼ፣ አምና የጋለቡበት ፈረስ ከእኛ የተዋሱት አይደል?"

"እሱማ እንዳንተ ኔትወርክ ነበር፤ መሀል ሜዳ ላይ ቀጥ አለ!"

የዳንግላ ማሽኖች ጥቂት ስለሆኑ እነሱን ማዛወር ይቀላል። "ሃያ አራትን ልስጥህ?" አልሁት።

"ፈረሱ ካለፈ በኋላ አቧራ ልቃም?"

"ሃያ ሁለትስ? ዋዜማው ነው። ከእንጅባራ ትቀድማላችሁ።"

"እንቀድማለን?"

"በቁጥር።"

"አምጪው!"

ማሽኖቹን አብረን ወደ ሃያ ሁለት አዛወርናቸው። ሃያ አራትን ለጥሊሊ ሰጠሁት፤ መጋዘኑ ገና ስላልተከፈተ የሚከራከርለት አልነበረም። እንደገና ሳገናኝ ሦስቱም ኮምፒውተሩ ላይ አረንጓዴ ሆኑ። ለምሳ ገና ነበር።

አቶ ዓባይነህ መነጽራቸውን አድርገው ወደ ኮምፒውተሩ ጎንበስ አሉ።

"ዳንግላ ለምን ከእኛ በላይ ተጻፈ?"

ያለ ልማዴ አፌ ቀደመኝ። "ካልተስማማዎት ባሕር ዳር ልደውል?"

ቀና ብለው አዩኝ፤ ከዚያ መነጽራቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱ።

"ተይው፣ ልጄ። ለዘንድሮ ይቅደሙ።"