የናሙናው ጀርባ

የማተሚያ ቤቷ ባለቤት የማትለቀው አንድ ደንብ አላት፤ ናሙና ሳይፈረም ማሽን አይነሳም። የሰርግ ጥሪ ይሁን የሱቅ ማስታወቂያ፣ መጀመሪያ ሁለት ቅጠል ታወጣለች። ያዘዘው ሰው በሁለቱም ጀርባ ስሙን ጽፎ ይፈርማል፤ አንዱን ይዞ ይሄዳል፣ ሌላው መሳቢያዋ ውስጥ ይገባል። ሥራው ካለቀ በኋላ "እኔ እንዲህ አላልኩም" ብለው ዓይናቸውን በጨው አጥበው የሚመጡ ደንበኞች አንገብግበዋት ነው ይህን ያመጣችው። ሰፈሩም "እትዬ ፈርሙ" ብሏት አረፈው።

ያን ቀን ጠዋት ታናሽ ወንድሟ ሰላም እንኳ ሳይል ገባ። የከተማው ምክር ቤት አባል ከሆነ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ጸጉሩም ሸብቷል፤ ለእሷ ግን ዛሬም ማሙሽ ነው።

"እትዬ፣ የምርጫ ፖስተሬ ናሙና አለ አይደል?"

"ምን ሊያደርግልህ?"

"ስጪኝና ልቅደደው።"

ወዲያው ገባት። ከሰዓት በኋላ ምክር ቤቱ ድምፅ የሚሰጥበት ደንብ የኳስ ውርርድ የሚያጫውቱ ቤቲንግ ቤቶች ለምርጫ ተወዳዳሪዎች ገንዘብም ሆነ ዕቃ እንዳይሰጡ የሚከለክል ነው። ነገሩ የሚነካው አባል ደግሞ ተነስቶ ይህንኑ ይናገራል፣ ከአዳራሹ ይወጣል፣ ድምፅም አይሰጥም፤ የምክር ቤቱ የቆየ ሥርዓት ነው። የማሙሽን ፖስተር ያሳተመው የትልቁ ቤቲንግ ቤት ባለቤት ነበር። ማሙሽ ቅስቀሳ ላይ ስለነበር ሰውየው ራሱ መጥቶ ፈረመ። እሷም አይታ ዝም አለች። ዝም ያለችው ለወንድሟ ብላ ብቻ አይደለም፤ የቤቲንግ ቤቱን ትኬት የምታትመው እሷ ናት፣ የሥራዋም ግማሽ እሱ ነው። ይህ ትዝ ባላት ቁጥር ራሷን ትታዘባለች።

"ደወለልህ?"

"ትናንት ማታ። ደንቡ መውደቅ አለበት አለኝ።" መሳቢያውን አየ። "እኔ ግን መደገፍ ነው የምፈልገው፣ እውነቴን ነው። አንቺ ጋ ያለው ከጠፋ ምን ያመጣል?"

"ማሙሽ፣ ናሙና ስንት ነው የማወጣው?"

"ሁለት" አለና ፊቱ አመድ መሰለ።

"የእኔን ብትቀድ የእሱ አለ። ዛሬ ብትደግፍ ነገ አውጥቶ ያዋርድሃል። ብትቃወም ደግሞ ዕድሜ ልክህን በእጁ ነህ።"

"ከተናገርኩ እኮ የመረጠኝ ሰው ሁሉ ዓይንህን ላፈር ይለኛል!"

"ይልሃል።"

"አንቺስ? ትኬቱን ይነጥቅሻል።"

"ይነጥቀኛል" አለች። ፈርታለች፤ ሁለት ሠራተኞች አሏት፣ ለሁለቱም የሚበቃ ሌላ ሥራ የላትም። ቢሆንም መሳቢያውን ከፍታ ፖስተሩን አወጣች። "ብትቀደውም ምክር ቤቱ ፊት ብታነበውም አንተ ታውቃለህ። መውሰድህን ግን ፈርም።"

"ለእኔም?"

"ለአንተም።"

ከሰዓት በኋላ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ አዳራሹ ውስጥ የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ማሙሽ ተነሳ። የገዛ ፈገግታው የታተመበትን ፖስተር ከፍ አድርጎ አሳየ። ገለበጠና ጀርባው ላይ ያለውን ስም ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ።

"ተቀብያለሁ፤ ለሁለት ዓመትም ደብቄያችኋለሁ። ድምፅ አልሰጥም" አለና በሩን ከፍቶ ወጣ።

ከኋላ አንዱ "ሌባ!" ብሎ ጮኸ። እህትየው ቦርሳዋን ጠበቅ አድርጋ ያዘች፤ ግን አልተነሳችም።

ለደንቡ ማለፍ የማሙሽ ድምፅ ያስፈልግ ስለነበር ነገሩ ውሃ የበላው መሰለ። ይሁንና ከፊት የተቀመጡ አንድ ወፍራም አባል ዞር ሲሉ እትዬ ፈርሙን አዩ። ቀጥሎ ቦርሳዋን አዩ። የእሳቸውንም ፖስተር ያተመችው እሷ ናት፣ የፈረመውም ያው የቤቲንግ ቤቱ ሰውዬ ነው። ላባቸውን ጠረጉ።

"እኔም... ትንሽ ነገር አለችኝ" ብለው ተነሱ። እሳቸው ወጥተው በሩ ሳይዘጋ ሌላ ሁለት ሰው ተከተለ። ሦስቱም ደንቡን አጥብቀው ሲቃወሙ የከረሙ ናቸው። ከቀሩት መካከል በተሰጠው ድምፅ ደንቡ አለፈ።

ቦርሳው ውስጥ የነበረው መነጽሯና ጃንጥላዋ ብቻ ነው።

በማግስቱ የቤቲንግ ቤቱ ሠራተኛ መጣ። ማሙሽ ጥግ ላይ ተቀምጦ ወረቀት ያጥፋል፤ ሰው ፊት መውጣት አቅቶት ነው እዚያ የዋለው።

"ከዛሬ ጀምሮ ትኬቱን እንዳታትሚ ተብሏል" አላት ሠራተኛው።

ከመሳቢያዋ ንጹሕ ወረቀት ሳበች፣ ያላትን ቃል በቃል ጻፈችና ብዕሩን አቀበለችው።

"ፈርም።"